ለእንወይ የተሰጣት አፍ

በየካ ጫፍ ኮንዶሚኒየም በር የሚከፈተው በሰላምታ ነው። ቁልፍ የሚባለው ነገር በሽማግሌዎች መሳቢያ ውስጥ ካልሆነ በቀር ከታየ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ሶልያና ልጇን ይዛ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ የሕንፃው መውጫ ፊት ስትቆም በሩ «እንዴት አደርሽ ሶልያና?» ይላታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርክ?»

«ቤት ደኅና? ልጅ ደኅና?»

«ሁሉም ደኅና።»

ከዚህ በኋላ ይከፈታል። በሩ ሰውን የሚያውቀው በድምፁ ነው። ሠሪዎቹ መጀመሪያ ስም ብቻ ይበቃዋል ብለው ነበር አሉ። ነዋሪው አኮረፈ። ሰው ከገዛ ቤቱ ሲወጣ እንደ እስረኛ ስሙን ጠርቶ ይለፍ እንዴ ተባለ። ስለዚህ በሩን ሰላምታ አስተማሩት፤ ተምሮም ከአማት የባሰ ጠያቂ ሆነ። አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ኤልዳናማ የጉልበታቸውን ሕመም ከነመድኃኒቱ ለበሩ ሳይዘረዝሩ አይወጡም። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሥራ ይረፍድበታል እንጂ አንድ ቀን «ያሳጥሩት» ያላቸው የለም። ሰላምታ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይቋረጣል?

እንወይ የሶልያና ልጅ ናት። ለሕፃን ደንቡ ስለሚፈቅድ እስከ ሰባት ዓመቷ በእናቷ ሰላምታ ስታልፍ ኖራለች። ሰባት የሞላው ልጅ ግን የራሱ አፍ ሊኖረው ይገባል። በሩም፣ የትምህርት ቤቱ ቧንቧም፣ ታክሲውም፣ ሐኪሙም ከራሱ መስማት አለባቸው። እንወይ ሰባት ሞላት፤ እስክትመዘገብ ድረስ የሕንፃው በር ከእናቷ ጋር ያሳልፋታል። ከቤቷ ደጃፍ ውጭ ግን ለማንም አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

ቤት ውስጥማ ሌላ ናት። ጓዳ ካለው ጠረጴዛ ሥር ገብታ ካልሲዎችን ተማሪ አድርጋ ታስተምራለች፣ ትቆጣለች፣ ትሸልማለች። እትዬ ኤልዳናን ሆና ስለ ጉልበቷ ታማርራለች። በሩን ሆና «ቤት ደኅና? በግ ደኅና? ካልሲ ደኅና?» ትላለች። አባቷ ባሮክ ሳቁ ሲያመልጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እንደሚያዳምጧት ካወቀች ታቆማለችና። እግሯ ከደጃፉ እንደወጣ ግን ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ፊቷ ይደርቃል፣ ከንፈሯ ይገጠማል። ዓይኗ ብቻ ይቀራል።

በሦስት ዓመቷ ሰፈሩ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ብሏል። በአምስት ዓመቷ «ዓይነ አፋር ናት» ተባለ። አሁን ደግሞ እትዬ ኤልዳና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሶሊዬ፣ ልጅቷ ግን ትሰማለች?» ማለት ጀምረዋል።

«ኧረ ትሰማለች እትዬ። ቤት ውስጥማ አትቻልም።»

«እንዲያ ነው?» ይላሉ እትዬ ኤልዳና፤ ያላመኑት ነገር ሲኖር እንደሚሉት። ከዚያ ከረሜላ አውጥተው ልጅቷ ፊት ይዘረጋሉ። «በይ፣ ንግድ ነው። አንድ ቃል ለእኔ፣ አንድ ከረሜላ ላንቺ።»

እንወይ ከረሜላውን ታያለች። እጇ ግን አይንቀሳቀስም።

«ወይ እልህ! በማን ወጣች በይ?»

«በአባቷ ነዋ» ትላለች ሶልያና ከት ብላ ስቃ፤ ሳቁ ፊቷ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ደረጃውን ሲወጡ ልጇን ትጎነትላታለች። «እሺ 'ደኅና ነኝ' ብትያቸው ምን አለበት? ምላስሽን ማን ቆረጠው?»

እንወይ መልስ የምትሰጠው በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ነው። «ልላቸው ነበር» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ባሮክ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። እሱም ልጅ ሆኖ እንዲሁ ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ሊፍቱ ቁልፍ ነበረው፣ በሩ እጀታ ነበረው፣ ሰው ሳይናገር ውሎ ይገባ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ልብ ሳይለው አደገ። «እምቢ ማለት አይደለም» ይላል ለሚስቱ። «በሕልምሽ ልትሮጪ ስትይ እግርሽ አልንቀሳቀስ ብሎሽ አያውቅም? እንደዚያ ነው። ቃሉ አለ። ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይታሰራል። ሰው ሁሉ አፍሽን ሲያይ ደግሞ የባሰ ይጠብቃል።»

«አንተስ በምን ተፈታልህ?»

ባሮክ ያስባል። «አያቴ አይጠይቁኝም ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ፤ አንድ ቀን ራሴን ሳወራ አገኘሁት።»

«አሁን ባቄላ የሚፈለፍል ማን አለ?» ትላለች ሶልያና፤ ወሬው በዚያው ያልቃል።

ትምህርት ቤት እንወይ ውኃ አትጠጣም። ቧንቧው «ማን ልበል?» ይላል፤ ስሟን ከራሷ ካልሰማ አይቀዳም። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት ጓደኛዋ «ለእንወይ ነው» ትልላት ነበር፤ ቧንቧው ግን «እንወይ ራሷ ትጠይቅ» ብሎ ሁለቱንም በሰው ፊት ገሠጻቸው። ሽንት ቤቱም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እንወይ መላ ዘየደች። ቁርስ ላይ ምንም አትጠጣም። ከሰዓት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጓዳ ቧንቧ ሥር አፏን ከፍታ ትቆማለች። ሶልያና መጀመሪያ «ልጄ ውኃ ስትወድ!» ብላ ለሰው አውርታለች።

የሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር መምህርቷ ረድኤት ሶልያናን አስጠራቻት። ቲቸር ረድኤት ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ ልጆቹንም የምትወድ ሴት ናት። «የእንወይ እናት፣ ሳይጨነቁ ይስሙኝ» አለች። «ድምፅ ያላስመዘገበች ልጅ ወደሚቀጥለው ክፍል አታልፍም። ወይ ትናገራለች፣ ወይ አፌ ይሠራላታል።»

አፌ የሸሚዝ አዝራር የሚያክል ነገር ነው፤ ደረት ላይ ይለጠፋል። መናገር ለማይችል ሰው፣ ቀድሞ ከሰማው ንግግሩ እየገጣጠመ፣ በገዛ ድምፁ ይናገርለታል። ብዙ ሽማግሌዎች አላቸው፤ እድር ላይ አፌዎቹ ሲጨቃጨቁ ከባለቤቶቻቸው ይብሳሉ።

«ከምን ይሠሩላታል?» አለች ሶልያና። «እዚህ ድምፅ የላትም አላችሁኝ።»

«ቤት አላት አይደል? ቤታችሁ ይሰማል። እርስዎ እሺ ካሉት የሰማውን ይልክልናል። ሌላ ምንም አይፈለግም።»

የማይሰማ ቤት የለም፤ መብራቱን የሚያበራውም ምድጃውን የሚያጠፋውም ጆሮው ነው። ሶልያናን በዚያ ሰዓት መጀመሪያ የታወሳት ባላመኑ ቁጥር የሚነሣው የእትዬ ኤልዳና ቅንድብ ነው። ለካ ማስረጃው እጇ ላይ ኖሯል። ያቺ ለፍላፊ፣ ያቺ ካልሲ አስተማሪ፣ ለዓለም ልትሰማ ነው።

ባሮክ ነገሩን ሲሰማ «መጀመሪያ ጠይቂያት» አለ።

«ሕፃን ልጅ ምን ይጠየቃል? ክትባት ስናስወጋት ጠይቀናታል?»

«የምታወራው እኮ ማንም የማይሰማት መስሏት ነው።»

«ለእሷው ብዬ ነው ባሮክ።»

በማግሥቱ እንወይ ጠረጴዛው ሥር ስትጫወት ሶልያና በረንዳ ወጥታ፣ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ፣ ለቤቱ በሹክሹክታ «እሺ» አለችው። ቤቱም በሹክሹክታ «ተልኳል» አላት።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር። እትዬ ኤልዳናም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የጎረቤት ልጅ ሲመረቅ የማይቀሩ ሰው ናቸው። አፌን እንወይ ደረት ላይ የለጠፉት በዚያው ጠዋት ነው። ቲቸር ረድኤት ደስ ብሏት ልጅቷን ቧንቧው ጋ ወሰደቻት፤ አፌ ስሟን ተናገረ፣ ቧንቧው ቀዳ፤ እንወይም መምህርቷ እያየቻት ብርጭቆውን ጨለጠች። ሁለተኛም ቀዱላት። በዚያ ግቢ ውኃ ስትጠጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ መምህራኑ አጨበጨቡ።

ተራዋ ሲደርስ መድረኩ መሐል አቆሟት።

«እንወይ፣ ስለ ቤተሰብሽ ትነግሪናለሽ?» አለች ቲቸር ረድኤት።

«አባቴ ባሮክ ይባላል። እናቴ ሶልያና ትባላለች» አለ ድምፁ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ። «በጣም እወዳቸዋለሁ። ትምህርት ቤቴንም እወደዋለሁ። ትልቅ ስሆን አስተማሪ እሆናለሁ።» ከዚያ ሳቀ። ከሳቋ በፊት የምትስባት ያቺ አጭር ትንፋሽ እንኳ አልቀረችም።

እትዬ ኤልዳና እልልታቸውን አቀለጡት። «ይኸው!» አሉ ወደ ኋላ ዞረው። «ይኸው፣ አፍ አላት!» የሶልያና እንባ ዱብ ዱብ አለ። ከጎኗ ያሉት ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። በሕይወቷ እንደዚያ ተደስታ አታውቅም፤ የቆየው ግን ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ነው።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ መድረኩን አየች። የልጇ ከንፈሮች እንደተሰፋ ከረጢት ተገጥመዋል። ጉሮሮዋ ላይ ያለችው ሥር ትመታለች። ዓይኗ አዳራሹን ሁሉ ዘልሎ እናቷ ላይ ተተክሏል።

«ደክሞሻል?» አለች መምህርቷ።

«ኧረ አልደከመኝም።»

«ሽንት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» አለ ድምፁ፤ ወዲያውም ጓዳ ጠረጴዛ ሥር የምትዘፍነውን መዝሙር ጀመረ። እንወይ ቤቷ ውስጥ ሽንት ሲመጣት ተነሥታ ትሄዳለች፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቤቱም ሰምቶት አያውቅም። አፌ ያልሰማውን ከየት ያምጣው?

መጀመሪያ ነጭ ካልሲዋ ላይ ቢጫ መስመር ወረደ። ከዚያ ጫማዋ ሥር የመድረኩ ጣውላ ጠቆረ፤ ጥቁረቱም እየሰፋ ሄደ። ሕዝቡ ግን ጆሮው መዝሙሩ ላይ ስለነበረ በጭብጨባ ምቱን እየያዘላት ነበር። ሶልያና ወንበር እየገፋች፣ እግር እየረገጠች ስትሮጥ «ደስታ እኮ ነው» አለ አንድ ሰው።

ልጇን አቅፋ ከአዳራሹ ስትወጣ ድምፁ ደረቷ ላይ ታፍኖ «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» አለ።

ያን ቀን ቤት ገብተው፣ አጥባ፣ አልብሳ፣ ጠረጴዛው ሥር ካልሲዎቹን ደርድራ ጠበቀቻት። እንወይ ጠረጴዛውን አየችው። ቀና ብላ ጣሪያውን፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ምድጃውን አየች፤ ጆሮው የትኛው እንደሆነ የምትፈልግ ትመስል ነበር። አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን አዞረች።

«ጠይቀሻት ነበር?» አለ ባሮክ። ሶልያና ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። እሱም አልደገመውም።

እንወይ በማግሥቱም አልተናገረችም፤ በሳምንቱም። በዓለም ላይ የምትናገርበት አንድ ቦታ ነበራት፤ እሱም ተዘጋ። አፌ ግን ይናገራል። ሶልያና «ምን ልሥራልሽ የኔ ማር?» ስትል «ማንኛውም ነገር ይስማማኛል፣ እማዬ» ይላል። እንወይ የማትወደውን ጎመን ስታቀርብላት «ይጣፍጣል» ይላል። አንድ ቀን ባሮክ ተናደደና ከልጁ ደረት ላይ ላጥ አድርጎ ደረጃው ላይ የጫማ መደርደሪያ ውስጥ ጣለው። አፌ ከባለቤቱ ሲርቅ ይጣራል፤ እንዳይጠፋ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። «እማዬ» አለ ከደረጃው። «እማዬ፣ ነይ። እማዬ።» ሶልያና ከጓዳ በርግጋ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወደ ደጅ ሮጠች። ኮሪደሩ ላይ እንወይን አለፈቻት። ልጅቷ ግድግዳው ጋ ቆማ፣ አፏ እንደተዘጋ፣ እናቷ ወደ ድምፁ ስትሮጥ አየቻት።

ሶልያና ያንን ሊጥ ከእጇ ያጠበችው ቆይታ ነው።

እትዬ ኤልዳና በበኩላቸው ደስተኛ ናቸው። በሩ ላይ ሲገናኙ አፌ «እንዴት አደሩ እትዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ይላቸዋል። «አይ አስተዳደግ!» ይላሉ፤ ከረሜላውንም እንወይ ኪስ ውስጥ ይከታሉ። «ምን ሆነሽ ነው ሶሊዬ የከሳሽው? ልጅሽ ተናገረችልሽ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አፌ መጀመሪያ የሚሰጠው ለሙከራ ነው፤ የሙከራው ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ደረሰ። ሶልያና ልጇን ይዛ ድምፅ ምዝገባ ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ጸሐፊ ትሑት ነው፤ ተነሥቶ ነው የተቀበላቸው።

«እንዲሠረዝልኝ ነው» አለች።

«ይቻላል እናቴ። ግን ባለቤቷ ራሷ መናገር አለባት። እናት ስለ ልጅ እሺ ማለት ትችላለች፤ እምቢ ማለት ግን ከሰባት ዓመት በኋላ የልጅቷ የራሷ ነው።»

«መናገር ብትችል ኖሮ ምን አመጣኝ?»

«ይገባኛል።» እውነትም የገባው ይመስላል። «ዛሬ ካልተሠረዘ ደግሞ ይጸናል። አንድ ሰው ሁለት ድምፅ ሊኖረው አይችልም። ከዛሬ በኋላ የእንወይ ድምፅ ማለት ይኼኛው ነው። እሷ አንድ ቀን በራሷ ብትናገር በሮቹ እንደ ሌላ ሰው ነው የሚያዩዋት።» ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ። «እንወይ፣ አፌን ማሠረዝ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም፣ ተስማምቶኛል» አለ አፌ።

ሶልያና ከልጇ ደረት ላይ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችውና ዘጋችው። «አሁን ጠይቃት።»

ጸሐፊው ጠየቀ። «ተስማምቶኛል» አለ ቦርሳው። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም እንደ ልማዱ ሊረዳ ተነሣ።

«በይ ንገሪያቸው ሚጣዬ።»

«አንድ ቃል ብቻ እኮ ነው። 'እፈልጋለሁ' በያቸው።»

«አይዞሽ፣ ማን ይቆጣሻል? በይ በይ።»

ሶልያና የገዛ ምላሷ «በይ» ለማለት ሲነሣ ተሰማት። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ብላታለች? በደረጃው ላይ፣ በሩ ፊት፣ በዘመድ ቤት ሁሉ። የልጇን አንገት አየች፤ ያቺ ሥር እንደ መድረኩ ቀን ትመታለች። ዋጠችው። ቦርሳውን ከነአፌው ጸሐፊው ፊት አስቀምጣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ጀርባዋን ለሰልፉ ሰጥታ፣ ልጇን ከሰው ዓይን ከልላ። አልጠየቀቻትም። አፏንም አላየችም። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ስለነበር እሱን ማሰር ጀመረች፤ አስራም ፈታች፤ እንደገና አሰረች።

«እናቴ፣ ከኋላ ሰው አለ» አለ ጸሐፊው ቀስ ብሎ።

እሷ ሦስተኛውን ቋጠሮ ስትጀምር ትንሽ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈች። ሞቃት ትንፋሽ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ትንፋሹ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይዝ ወጣ። ከዚያ፣ ለረጅም ጊዜ ውኃ ያላለፈበት ቧንቧ እንደሚያጓራው፣ ሻካራ ሆኖ ቃል መጣ።

«ሽንቴ መጣ።»

ሶልያና ቀና አላለችም፤ ቀና ብትል ሰው ፊቷን ያይባታል። «እሺ» አለች በሹክሹክታ። ተነሥታ የልጇን እጅ ያዘች።

«ተናገረች?» አለ ጸሐፊው። «ምን አለች? ትድገመውና እመዘግበዋለሁ።»

«አትደግመውም።»

«እናቴ፣ መስኮቱን ከለቀቁ አፌ የሰጠው መልስ ነው የሚጸናው። ሰዓቱም ደርሷል። ትንሽ ብትታገሥ...»

«ስትታገሥ ነው የኖረችው» አለች ሶልያና።

«አሁን በዚህ ሰዓት?» አሉ አንዲት ሴት ከሰልፉ፤ የምር አዝነዋል። «ምናለ አንድ ቃል አስብለሻት ብትሄጂ?»

የሽንት ቤቱ በር «እንዴት ዋልሽ ሶልያና?» አላት።

«ክፈት።»

«ቤት ደኅና? ልጅ ደኅና?»

«አይደለችም። ክፈት።»

በሩ እንዲህ ተብሎ አያውቅምና ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተከፈተ። እንወይ ብቻዋን ገባች። ሶልያና በሩን ከጀርባዋ አድርጋ ኮሪደሩን ዘጋች፤ ማንም እንዳይቀርብ፣ ማንም እንዳይሰማ።

ከመስኮቱ በኩል የጸሐፊው ድምፅ ተሰማ፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ለቦርሳው እያነበበ ነው። የልጇ ድምፅ መለሰለት፤ ጥርት ያለ፣ የታጠበ፣ ከነትንፋሿ። «እስማማለሁ። ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ።» ሰልፉ አጨበጨበ። «ጎበዝ» አለ አንድ ሰው።

በዚያው ቅጽበት ከበሩ ወዲያ ያ ሻካራው ተንሾካሾከ።

«እማዬ፣ አለሽ?»

ሶልያና ዞራ ከንፈሯን የበሩ ስንጥቅ ላይ አስጠጋች።

«አለሁ» አለች።